ከጠገራ እስከ ዘንባባ፦ የጦር ዘመን ጌጥ በስሜንና በወገራ

ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባው የነጋዴ መንገድ ዋናው ፈተናው ሊማሊሞ ነበር። አቀበቱን የጨረሰ ሲራራ ደባርቅ ላይ በቅሎውን አሳርፎ፣ የወገራን ደጋ ይዞ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ በርበሬ፣ ጠመንጃ ሁሉም በዚሁ ያልፋል። የስሜንንና የወገራን ሴት አንገትና ደረት ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ያስጌጠው ብር፣ ማለትም ጠገራው፣ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

በጠገራው ላይ ያለችው ማሪያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ በየትኛውም ዘመን ይመታ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ያደረገችው የሐዘን ሻሽ በራሷ ላይ አለ። በሻሹ ላይ ዕንቁ የተደረደረበት ጌጥ፣ በትከሻዋ ደግሞ ልብሷን የያዘ፣ ዙሪያውን በዕንቁ ፍሬ የተከበበ ብሮሽ ይታያል። የእኛ ነጋዴ ብር ሲቀበል ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር። የሻሹ ዕንቁ በደንብ ካልተለየ፣ የብሮሹ ፍሬ ተፍቆ ከጠፋ፣ ከምስሉ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካልታዩ ብሩ ይመለሳል። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች በዚህ ማማረጥ ሲቸገሩ ጽፈዋል። አገሬው ብሮሽ የሚባል ጌጥ በደረቱ ከማድረጉ አስቀድሞ የብሮሽ ፍሬ መመርመር የለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ግን ገንዘብ እንደሆነ አይቀርም። ሰርግ ሲደርስ ወይም ከብት ተሽጦ እጅ ሲሞላ ብሩ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። አንጥረኛው ጠገራውን በሸክላ ማቅለጫ አድርጎ ከሰል ውስጥ ይቀብረውና በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል። ሲረጋ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያረዝመዋል፤ ቀጥሎ ቀዳዳው እያደር በሚጠብብ ብረት ውስጥ እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ክሩ ሲገመድ ድሪ ይሆናል፤ ሲጠቀለል የጉትቻ አበባ ይወጣዋል። አልቦው፣ አምባሩ፣ ጠጉር ላይ የሚሰካው ወለባ፣ በማተብ የሚንጠለጠለው የጆሮ ኩክ ማውጫ ሁሉም ከዚሁ ብር ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ባለቤቷ ድሪዋን አስመዝና በክብደቱ ትሸጠዋለች፤ ስለዚህ ጌጡ ተቀማጭዋም ነበር።

አንዳንዱ የአንገት መስቀል ደግሞ ሳይቀልጥ ከራሱ ከጠገራው ላይ ተቆርጦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ሲገኝ ቶሎ ብሎ ማለፍ አይገባም። በአጉሊ መነጽር ቀስ ብሎ ላየው በአንዱ ክንድ ላይ የንግሥቲቱ የሻሽ እጥፋት ይገኛል፤ ገልበጥ ሲደረግ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ላባ አለ፤ ጠርዙ ላይ ከወገቡ የተቆረጠ የላቲን ፊደል ቀርቷል። ሞረድ አልፎበትም የቀድሞው መልክ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከአገራችን የብር ሥራ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ገንዘብነቱንም ጌጥነቱንም እኩል ስለሚያሳይ።

ብሩ ከየት መጣ ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ጦር ያደርሳል። በመጀመሪያ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አሉ። ከአባታቸው ስሜንን ተቀብለው፣ በ1820ዎቹ ዓ.ም. ትግራይንም ጨምረው ሲገዙ፣ ከባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ሊማሊሞ ያለው የንግድ መንገድ በእጃቸው ገባ። ቀረጡ ጠገራ ነው፤ በጠገራውም ጠመንጃ ይገዛበታል። ውቤ በጃናሞራ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ፣ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር በቤታቸው ነበር። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሊነግሡ አስበው ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ።

የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ አባቷ እስር ላይ እያለ ለድል አድራጊው ተዳረች፤ ልዑል ዓለማየሁም በ1853 ዓ.ም. ገደማ ከእርሷ ተወለደ። የመቅደላ ጦርነት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲያበቃና ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እንግሊዞች አምባውን ዘረፉ። ምርኮው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ፤ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስም ለሙዚየሙ ሊገዛ ከሠራዊቱ ጋር መጥቶ ነበር። ጥሩወርቅ ከልጇ ጋር ወደ ባሕር ስትወሰድ መንገድ ላይ ታማ አረፈች፤ አስከሬኗ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ። ልብሷና ጌጧ ለንደን ገባ፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተብሎ በሚጠራው ተቋም ውስጥ ነው። የስሜን ሴት ጌጥ በጦርነት ተሰብስቦ በመዝገብ የሰፈረበት ቀደምት ጊዜ ይህ ይመስለኛል። የሰብሳቢው ስም፣ ያመጣው ሰው ማዕረግ፣ የገባበት ዓመት ተጽፏል። የአንጥረኛው ስም ግን የለም።

ያው ዘመቻ በተቃራኒው በኩል ብር ወደ አገር አስገብቷል። የዘመቻው አዛዥ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ስንቅና አጋሰስ የሚገዛበት ሌላ ገንዘብ አገሬው ስለማይቀበል፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠገራ ቪየና አስመትቶ ነው የዘመተው። ወጪ የሆነው ከየገበያው ወደ የቤቱ ገባ፤ የተረፈው ሥራ የአንጥረኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ ተከትሎ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ፤ ስንቱ ድሪና አልቦ በእህል ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበት ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያወጡም፣ ገበሬው ሻሽ ያሰረችውን ሴትዮ አልተዋትም።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት አንድ ነገር ሆነ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወጋ ሲሰናዳ ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተስማምቶ የጠገራውን መምቻ ሮማ አስመጣ። አገሪቱን ለመውረር የአገሪቱን ገንዘብ ራሱ ይመታ ጀመር። መምቻው ከቪየና ሲወጣ ሌሎቹም አልቦዘኑም፤ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ጠገራ መቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እንግሊዞች ቦምቤይ ላይ አስመቱ። ሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ለዛሬ ሰብሳቢ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ዓመቱ ምንም አይነግረውም፤ የሚረዳው የንስሩ ጅራት ላባ አደራደር፣ የፊደሉ አቀራረጽ፣ የትከሻው ብሮሽ የዕንቁ ፍሬ ነው። ያ የወገራ ነጋዴ ይመለከተው የነበረውን እያየ ነው ሮማን ከቪየና የሚለየው።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን የራስ እምሩ ጦርና የደጃዝማች አያሌው ብሩ የስሜንና የወገራ ሰው ተከዜን አቋርጦ ደምበጉይና ላይ የጠላትን ጦር ከነታንኩ ሰበረው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 8፣ ሮማ ውስጥ የቀለበት ቀን ተባለ። የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ወጪ እንዲሰጡ ተጠሩና ንግሥት ኤሌና የራሷን በመጣል ጀመረች። በዚያች ከተማ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ቀለበት ተሰበሰበ፤ ለሰጡት በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ያ የብረት ቀለበት ዛሬ በአውሮፓ የጦር ዘመን ጌጥ ከሚሰበስቡ ሰዎች ሳጥን አይጠፋም። የወርቁ ቀለበት የተሰጠው ደምበጉይና ላይ ከቆመው ሰው ጋር ለመዋጋት እንደነበር ግን ሳጥኑ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ደባርቅና ዳባት ተያዙ፤ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ተከተለች። ጣሊያን ሊማሊሞን በድማሚትና በሰው ጉልበት ፈልፍሎ አስመራን ከጎንደር የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ አወጣ። ከደባርቅ አጠገብ መንገዱ ገደሉን በሚይዝበት በወልቅፊት ምሽግ ሠራ። ከመንገዱ ጋር የወረቀት ሊሬ መጣ። ገበሬው ግን ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው እህልና ከብት መስጠት አልፈለገም፤ ብር አምጣ አለ። ሮማ የመታችው ጠገራም ተቀባይነት ያገኘው ለዚሁ ነው፤ ዕንቁው ሙሉ ነበርና። በእጁ የገባውን ግን ሰው ቀበረው ወይም አስቀልጦ አንገት ላይ አደረገው። በጦር ጊዜ አንገት ላይ ያለ ብር ከጎተራ እህል ይልቅ ለመሸሽ ይቀላል።

በበረሃው በኩል ደግሞ ሌላ ብር ገባ። ከ1932 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የእንግሊዝ መኮንኖች ከሱዳን ወደ አርማጭሆና ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ አርበኛውን የሚረዱበት ጠገራ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነበር የመጣው። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በስሜን ግርጌ ጦርነቱ ገና አላለቀም። የወልቅፊት ምሽግ በኮሎኔል ጎኔላ አዛዥነት ክረምቱን ሙሉ ቆየ። ሪንግሮዝ ከሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ጋር የተሰለፉ የአካባቢው አርበኞች በብርድና በዝናብ ከበው ያዙት፤ በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ የመጨረሻ ጦር ጎንደር ላይ የተሸነፈው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የድል በዓል ካየች በኋላ ደባርቅ አምስት ወር ያህል፣ ጎንደር ስድስት ወር ከሃያ ቀን ገደማ ተዋግተዋል። የዚህ አካባቢ ሰው ስለ ጦር ዘመን ዕቃ ሲያወራ ይህንን ቢጨምር ደስ ይለኛል።

ከደረት ጌጥ ደግሞ ከድሉ በኋላ የመጣው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኞች ሜዳይ አቆሙ። በአምስቱ ዓመት ለተዋጋው ሰው ከሜዳዩ ሪባን ላይ ዘንባባ ይሰካለታል፤ አንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት ተጋድሎ ነው። ሙሉውን ጊዜ በዱር የቆየው ባለ አምስት ዘንባባ አርበኛ ይባላል፤ ማዕረጉን ባያውቁ እንኳ ዘንባባውን ቆጥረው የሚነሱለት ሽማግሌ ነበር። ሜዳዩን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ሪባኑ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ነትቦ ይገኛል፤ ዘንባባዎቹ በቀጭን እግር ጨርቁን በስተው ከኋላ ተጣጥፈዋል፤ ከኋላ ያለው የመርፌ ቁልፍ ላልቶ ባለቤቱ በክር ያሰረው አለ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ኒሻንና ሜዳይ ከሠሩት መካከል የለንደኑ ማፒንና ዌብ እና የአዲስ አበባው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ይገኙበታል፤ የሣጥኑ ክዳን ውስጥ ስማቸው ታትሞ ሲገኝ ዕቃው ከየት እንደወጣ ያሳያል። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር ሜዳዩን በካኪ ኮት ላይ ደርድሮ፣ ጎፈሩን ደፍቶ የቆመ አርበኛ ያየ ሰው፣ ከውጭ አገር የመጣ ባለ ፈርጥ ብሮሽ ቢያሳዩት ብዙ አይደንቀውም።

ሆኖም የውጭውም ታሪክ ይነካናል። አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ቆርቆሮና ሌሎች ብረቶች ለጦር መሣሪያ ስለተያዙ፣ ርካሽ የደረት ጌጥ ይሠሩ የነበሩ እንደ ትሪፋሪና ኮሮ ያሉ ድርጅቶች ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ስተርሊንግ ብር ዞሩ። ትሪፋሪ በአልፍሬድ ፊሊፕ ንድፍ የእንስሳ ሆድ ከጠራ ሉሳይት አድርጎ የሠራው ብሮሽ ዛሬ በውድ ይሸጣል፤ ሉሳይት ለአውሮፕላን መስተዋት የሚውል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ሰብሳቢዎቹ የዚያን ጊዜ ብሮሽ የሚለዩት ከኋላው ስተርሊንግ የሚል ጽሑፍ ሲያገኙ ነው። ጦርነት እዚያ ፋብሪካውን ወደ ብር በገፋበት በዚያው ዓመት፣ በወገራ ደግሞ ቦምቤይ የተመታው ብር ከሰል ውስጥ ሳይቀልጥ አልቀረም።

አሜሪካ ለኢትዮጵያም ብር አበድራለች። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበር፤ የብሩ ሐምሳ ሳንቲም የተመታውም ከአሜሪካ በተገኘ ብር ነው። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጣ። ያን ጊዜ ሳጥን ውስጥና ጓሮ የተቀበረው ጠገራ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ለአንጥረኛ። ዛሬ እናቶቻችን የአያቴ ነው የሚሉት ድሪና አልቦ ከፊሉ በዚህ ጊዜ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

ይህንን ዕቃ በጥናት የመሰብሰቡ ሥራ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መልክ ያዘ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ሲቋቋም፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን የመራው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ መስቀሎችን ከነአሠራራቸው መዘገበ። በስሜን ግን ሌላ ዓይነት ሰብሳቢ መጣ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ደባርቅ የጎብኚ መግቢያ ሆነች። ጎብኚው ጭላዳና ዋልያ አይቶ ሲመለስ መስቀል፣ ጉትቻ፣ መያዣ የተበየደለት ጠገራ ይገዛል። ሻጩ ዋጋውን እንጂ የባለቤቱን ታሪክ አይጠየቅም፤ እንዲህ እያለ ስም ያለው ጌጥ ስም የለሽ ሆኖ ሄደ።

የሠሪዎቹም ስም አብሮ ሄደ። በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ከብረት ሥራ ጋር በብርና በሸክላ የታወቁት የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ነበሩ። ለዘመናት የሠሩትን እየወሰደ ሠሪውን የሚንቅ፣ ቡዳ የሚል ሰው ነበር፤ ይህ የሚያሳፍር ነው፤ ጌጡን ስናደንቅ መደበቅ የለብንም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲወሰድ፣ የወናፉ ድምፅ ከብዙ መንደር ጠፋ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። በ2010 ዓ.ም. ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ሲያስብ የጥሩወርቅን ልብስና ጌጥ ለሕዝብ አሳየ፤ ለረጅም ጊዜ ውሰት እንስጥ የሚል ሐሳብም ቀረበ። የውቤ ልጅ ጌጥ ለአገሯ በውሰት ሊሰጥ መባሉ እኔን አሁንም ያንገበግበኛል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት እንደገና ወደ ስሜን ግርጌ መጣ፤ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከየቀበሌው የተፈናቀለው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰበሰበ። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ቤት የነበረ ጌጥና ሜዳይ ምን ያህሉ እንደተረፈ የሚጠይቅ መዝገብ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይጠቅም ነበር።

መዝገቡ ከባድ ሥራ አይደለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለ። አንድ ቤተሰብ ሜዳይ ካለው የዘንባባው ቁጥር፣ የአርበኛው ስም፣ የዘመተበት አለቃና ቦታ፣ ከሜዳዩ ጋር የተሰጠው ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ይያዝ፤ ወረቀቱ ከሜዳዩ ተለይቶ አይቀመጥ፤ ሪባኑ አይታጠብ፣ ዘንባባውም በአሸዋ አይፈተግ። ድሪ ከሆነ ክብደቱ፣ ማን እንደሠራው፣ ለማን ሰርግ እንደተሠራ፣ በላዩ የተንጠለጠለ ጠገራ ካለም የትከሻው ዕንቁ በቅርብ ፎቶ ይነሳ። ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ያልቃል። የአርበኞቹ ልጆች አርጅተዋል፤ የትኛው ዘንባባ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ከአባታቸው አፍ የሰሙት እነሱ ናቸው።